ስለ ጋፋት መድፍና ስለ ዛሬው ታላቅ የሒሳብ መኪና

ከደብረ ታቦር ከተማ በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ጋፋት የሚባል ስፍራ አለ። አፄ ቴዎድሮስ በስዊስ አገር በባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና ማኅበር የመጡትን መልእክተኞች፥ የእጅ ሥራ ዐዋቂዎች ስለ ነበሩ፥ በዚህ ስፍራ አስቀምጠው መድፍ እንዲሠሩላቸው አዘዙ። ዋልድማየር፥ ዛልሙለር፥ ቤንደር፥ ማየር ከእነዚህ መካከል ናቸው። ሰዎቹ ወንጌል ለማስተማር እንጂ መድፍ ለማቅለጥ አልመጡም ነበር፤ ነገር ግን የንጉሥ ትእዛዝ ስለ ሆነባቸው ምድጃ ሠርተው፥ ቅርጽ አበጅተው፥ ከብዙ ድካም በኋላ ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ አወጡ። ክብደቱም ወደ 70 ኩንታል እንደ ነበረ ይነገራል።

በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ደብረ ታቦርን ለቀው ወደ መቅደላ ሲሄዱ ይህን መድፍ በሰው ጉልበት አስጐተቱ። መንገድ ስላልነበረ መንገዱን እየጠረጉ፥ የጅዳንና የበሽሎን ገደል እየሰበሩ፥ ከአምስት ወር የበለጠ ጊዜ ፈጀባቸው። ንጉሡም ራሳቸው ከወታደሩ ጋራ ሆነው በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። መድፉ መቅደላ ደረሰ፤ ዛሬም በዚያው ተራራ ላይ ይገኛል።

ስለ መድፉ ብዙ ተጽፏል። ስለ ምድጃው ግን የሚናገር ሰው ጥቂት ነው። አፄ ቴዎድሮስ የአገር ልጆች ከባለ እጆቹ ጋራ እየዋሉ ጥበቡን እንዲማሩ አዝዘው ነበር፤ ነገር ግን ትምህርቱ ሳይጸና በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ወደቀ፤ ባለ እጆቹም ከእንግሊዝ ጦር ጋራ ከአገር ወጡ። ዋልድማየር ወደ ሊባኖስ ሄዶ በብሩማና ትምህርት ቤት አቆመ። የምድጃው ሙቀት ምን ያህል ሊሆን እንደሚገባ፥ ቅርጹ እንዴት እንደሚደርቅ፥ ናሱ በምን ልክ እንደሚደባለቅ በአማርኛ ተጽፎ የተቀመጠ መጽሐፍ አልተገኘም። መድፉ ከእኛ ዘንድ ቀረ፥ ጥበቡ ግን ከሰዎቹ ጋራ ሄደ።

ይህን የጥንት ነገር ዛሬ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በጋፋት ስም ተሰይሟል። ስሙን የወሰደ እንግዲህ ታሪኩንም ሊያስብ ይገባዋል። በዘመናችን መድፍ ሳይሆን የሒሳብ መኪና፥ ይኸውም ኮምፒዩተር፥ ከውጭ አገር እየተገዛ ይመጣል፤ ከእርሱም ጋራ የሚተክሉት ባለ እጆች ይመጣሉ፤ ሥራቸውንም ፈጽመው ይመለሳሉ። ከኮምፒዩተርም ሁሉ ይልቅ ይህ የጋፋት ፈተና ጐልቶ የሚታየው ሜይንፍሬም በሚባለው በታላቁ መኪና ላይ ነው።

ሜይንፍሬም ማለት እንደ ቁም ሣጥን የቆመ፥ የብዙ ሺህ ሰው ሒሳብ በአንድ ጊዜ የሚይዝ ኮምፒዩተር ነው። አይ ቢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ መጋቢት 29 ቀን 1956 ዓ.ም. ሲስተም 360 የተባለውን ባወጀ ጊዜ የዚህ ወገን መኪና መሠረት ተጣለ። ዘመኑ አልፎበታል የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ኩባንያው ግን በ2014 ዓ.ም. ዜድ 16፥ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ዜድ 17 የተባለውን አዲስ መኪና አውጥቷል፤ በዓለም ያሉ ታላላቅ ባንኮችም የገንዘባቸውን መዝገብ በዚህ ወገን መኪና ላይ ይይዛሉ። እንግዲህ ሞተ የሚባለው መኪና ገና አልተቀበረም።

የዚህን መኪና ጠባይ ለመረዳት ከላይ ያነሣነው የንጉሡ ነገር ይረዳናል። በየጠረጴዛችን ላይ ያለው ትንሹ ኮምፒዩተር ድንጋይ እንደሚያነሡት እንደ አፄ ቴዎድሮስ ነው፤ የሚያስበው ክፍል ከዲስክ የሚመጣውን ጭነት ራሱ ይከታተላል። በሜይንፍሬም ግን ንጉሡ ሸክም አይነካም። ቻናል የሚባሉ መንገዶች አሉ፤ እኛ በግእዙ ፍኖት ብንላቸው ይስማማቸዋል። እያንዳንዱ ፍኖት የራሱ ሠራተኛ አለው። የሚያስበው ክፍል አጭር የትእዛዝ ደብዳቤ ይጽፍና ይሰጣል፤ የፍኖቱ ሠራተኛ ደብዳቤውን ተቀብሎ ወደ ዲስኩ ሄዶ፥ አንብቦ ወይም ጽፎ፥ ሲጨርስ ተፈጸመ ብሎ ይመልሳል። በዚህ መካከል ንጉሡ ሌላ ጉዳይ ይፈርዳል።

ደብዳቤውን የሚጽፍ ማን ነው? በመኪናው ውስጥ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባል ሥርዓት አለ፤ የሥርዓቱም አስኳል ከርነል ይባላል። በከርነሉ ውስጥ ለእያንዳንዱ ዐይነት ዕቃ፥ ለዲስኩ፥ ለመረቡ፥ ለቴፑ፥ ቋንቋውን የሚያውቅ ክፍል ተመድቧል፤ ስሙም ድራይቨር ነው። ቃሉ ነጂ ማለት ሲሆን ግብሩ ግን ይልቁን የአስተርጓሚ ነው። አስተርጓሚ ከሌለ ዕቃው በመኪናው ጐን ቆሞ ሳለ እንደ ሌለ ይቈጠራል። አስተርጓሚው ኖሮ ለማን እንደሚያስተረጕም በትክክል ካልተነገረው ደግሞ ጥፋቱ ከመጀመሪያው ይከፋል።

የሜይንፍሬም ልዩ ነገር በዚህ ላይ ነው። ትንሹ ኮምፒዩተር ዕቃ ሲገጠምለት ራሱ አይቶ ራሱ ይቀበላል። ትልቁ ግን ዕቃውን ያየዋል፥ ይመዘግበዋል፥ ይሁን እንጂ አይነካውም። ባለ ሥልጣኑ ይህን ቍጥር ክፈት ብሎ እስኪያዝዘው ድረስ እንደ ተዘጋ ይቆያል። አንዳንድ ሰው ይህን እንደ ጕድለት ያየዋል፤ እኛ ግን ጥበብ ነው እንላለን። በአንድ መኪና ላይ ብዙ ሥርዓቶች አብረው ያድራሉና፥ አንተ ዘንድ የሚታየው ዲስክ የሌላ መሥሪያ ቤት መዝገብ ሊሆን ይችላል። የጎረቤትን በር በማየት ብቻ መክፈት አይገባም።

እያንዳንዱ ዕቃ በአራት አኃዝ የሚጻፍ ቍጥር አለው። አቈጣጠሩ በ16 ነው፤ ከ0 እስከ 9 ካለው አኃዝ በላይ ስድስት የላቲን ፊደላት ይጨመሩበታል። በዚህም 65,536 ቍጥር ይገኛል። ይህ ለእንግዳ ሰው ከባድ ይመስላል፤ ዕለትን በ60 ኬክሮስ ከፍሎ አበቅቴና መጥቅዕ ለሚያወጣ የባሕረ ሐሳብ ሊቅ ግን በ16 መቍጠር የግማሽ ቀን ትምህርት ነው። ቍጥሩን የሚሰጠው ከርነሉ አይደለም፤ አስቀድሞ በመኪናው የዕቃ መዝገብ ላይ መኪናውን የሚያስተዳድረው ሰው ይጽፈዋል። ስለዚህ መዝገቡ ሁለት ነው፤ አንዱ በመኪናው፥ ሁለተኛው በሥርዓቱ። ሁለቱ ካልተስማሙ ዕቃው አይገኝም፤ የጠፋበትንም ምክንያት ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚያውቅ ሰው ሊያገኘው አይችልም።

ሥራው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ፥ መኪናው ሲነሣ የማይመለከተውን ሁሉ እንዳያይ የሚከለክል ዝርዝር ለከርነሉ ይሰጣል፤ ብዙ ሺህ ዕቃ ባለበት እያንዳንዱን እየጠየቀ ጊዜ እንዳያጠፋ፥ የሌላውንም እንዳይነካ ነው። ከዚያ የሚፈለገው ዲስክ በቍጥሩ ይከፈታል። የመረብ ዕቃ ከሆነ አንድ ቍጥር አይበቃም፤ አንዱ ለማንበብ፥ አንዱ ለመጻፍ፥ አንዱ ለጭነቱ ሦስት ቍጥር በአንድ ተጣምሮ ይሰጣል፤ ጥምረቱም ዕቃው ሳይከፈት አስቀድሞ ሊፈጸም ይገባዋል። ብዙ ተማሪ በዚህ ላይ ይሰናከላል፤ ሦስቱን እንደ ሦስት ዕቃ ቈጥሮ አንድ በአንድ ሊከፍት ይሞክራልና።

ከዚህ ሁሉ ግን የሚያሳዝነው ስሕተት በጣም ትንሽ የሚመስለው ነው። ሠራተኛው ዲስኩን በትእዛዝ ከፈተው እንበል፤ ሥራው ተጀመረ፥ ወራትም አለፉ። ነገር ግን ትእዛዙን ለዛሬ ብቻ ሰጠ እንጂ በቋሚው መዝገብ ላይ አልጻፈውም። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ መኪናው እንደ ገና ሲነሣ ዲስኩ ተዘግቶ ይገኛል። ዲስኩ አልተሰበረም፥ መዝገቡም አልጠፋም፤ በአንድ ቃል የሚከፈት በር ነው። ቃሉን የሚያውቀው ሰው ግን ሄዷል። መሥሪያ ቤቱ በሩን ዘግቶ፥ ባለ ጉዳዩን መልሶ፥ ወደ ውጭ አገር ደብዳቤ ይጽፋል። ይህ ስሕተት በየትም አገር ያለ ጀማሪ ሁሉ የሚሠራው ነው፤ ልዩነቱ ሌላው በአምስት ደቂቃ ሲያርመው፥ ጥበቡ በእጁ የሌለ ሰው ግን ቀናት የሚጠብቅበት መሆኑ ነው።

ሁለተኛውም ከዚህ ይብሳል። አዲስ ዲስክ ከመጻፉ በፊት በልኩ እየተከፈለ ይዘጋጃል፤ ይህ ዝግጅት በላዩ የነበረውን ሁሉ ያጠፋል። በቍጥሩ ላይ አንዲት አኃዝ የተሳሳተ ሰው የጎረቤቱን መሥሪያ ቤት መዝገብ በትእዛዝ ሊያጠፋ ይችላል፤ መኪናውም ታዛዥ ስለ ሆነ ይፈጽመዋል። ደግሞም ሥርዓቱ ለዲስኮች ተራ ስም ይሰጣል፤ ስሙ ግን ዲስኩ በተከፈተበት ተራ ስለሚወጣ ዛሬ ሁለተኛ የተባለው ነገ ሦስተኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዐዋቂው ዘወትር በቍጥሩ ያስራል እንጂ በስሙ አያስርም።

ስለ ፍኖትም አንድ ነገር እንጨምር። ወደ አንድ ዕቃ እስከ 8 የሚደርሱ ፍኖቶች ሊዘረጉ ይችላሉ፤ አንዱ ሲሰበር ሥራው በሌላው ይቀጥላል። በዚህ ተማምኖ የሚተኛ ሰው ግን አለ። ስምንቱ ሁሉ በአንድ ማገናኛ ሣጥን ውስጥ እንዲያልፉ ከተደረገ ሣጥኑ በተቃጠለ ቀን ስምንትነታቸው ምንም አይጠቅምም። በወረቀት ላይ ስምንት፥ በእውነት ግን አንድ መንገድ ነው። ይህን አይቶ የሚናገር የራሳችን ሰው በቦታው ከሌለ፥ የሸጠልን ሰው ሊነግረን አይገደድም።

የደጓ ትምህርት በጋይንት እንዴት እንደሚፈጸም የቤተ ክህነት አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ተማሪው በየትም ደብር ተቀምጦ ድጓውን ቢዘልቅ፥ ወደ ቤተ ልሔም ሄዶ ካላስመሰከረ መምህር አይባልም። በዚያ የሚኖረው መጽሐፍ የሌላው መጽሐፍ ሁሉ ማረሚያ ነው። በኮምፒዩተርም ነገር እንዲሁ ያለ የተገለጠ መጽሐፍ አለ። ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ በ1983 ዓ.ም. የጀመረው ሊኑክስ የሚባለው ከርነል ጽሑፉ ለሁሉ ክፍት ነው። አይ ቢ ኤም በ1992 ዓ.ም. ይህ ከርነል በሜይንፍሬም ላይ እንዲሠራ የሚያደርገውን ጽሑፍ ለሕዝብ አወጣ። መጀመሪያ ላይ ግን አንዳንዱን የመረብ ድራይቨር በመኪና ቋንቋ እንደ ተዘጋ ሰጠ እንጂ ምንጩን አልገለጠም ነበር፤ በዚህም የተነሣ ከርነሉን ያሳደሰ ሰው ለዚያው ከርነል የተዘጋጀ ድራይቨር እስኪመጣለት መጠበቅ ነበረበት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያም ተገለጠ። ዛሬ የዲስኩን፥ የመረቡንና የፍኖቱን አስተርጓሚ ጽሑፍ የሚሻ የደብረ ታቦር ተማሪ ቦስተን እንደሚኖር ተማሪ እኩል ሊያነበው ይችላል። ምድጃው ተከፍቷል ማለት ነው፤ የጋፋት ልጆች ይህን ዕድል አላገኙም ነበር።

አንዳንድ ባለ ሥልጣን ግን ይህን ሲያነብ፥ በደብረ ታቦር ሜይንፍሬም የት አለና ስለ ድራይቨሩ ይጨነቃሉ ይል ይሆናል። መልካም ጥያቄ ነው። ሄርኩለስ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ሮጀር ቦውለር የተባለ ሰው ጀምሮት በ1999 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ለሕዝብ ወጣ። ይህ ፕሮግራም በተራ ኮምፒዩተር ላይ ሆኖ የሜይንፍሬሙን ጠባይ ይመስላል፤ ፍኖቱን፥ የዕቃውን ቍጥር፥ የዲስኩን ዐይነት ሁሉ ያሳያል። ኪው ኢ ኤም ዩ የሚባለውም ሌላ ፕሮግራም በራሱ መንገድ ይህን ያደርጋል። በላዩም ደቢያን የተባለውን የሊኑክስ ወገን ያለ ዋጋ መትከል ይቻላል። ከእውነተኛው መኪና ጋራ ሲመዛዘን በጣም ቀርፋፋ ነው፤ ለትምህርት ግን ቀርፋፋነት አይጎዳም፥ እንዲያውም ተማሪው እያንዳንዱን እርምጃ ያያል። ዲስኩን በስሕተት ቢያጠፋም የጠፋው አንድ ፋይል ነው፤ የማንም መዝገብ አይደለም። ስለዚህ ገንዘብ የለም ማለት በዚህ ነገር ምክንያት አይሆንም።

ደግሞ፥ ልጆቻችን መተግበሪያ መሥራት ይማሩ እንጂ ይህን ጥልቅ ነገር ለምን ይማራሉ የሚሉ አሉ። መተግበሪያ የሚሠራ መብዛቱ መልካም ነው፤ አንቃወምም። ነገር ግን መድፍ መተኰስ የሚያውቅ ሁሉ መድፍ አያቀልጥም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የዲስኩ በር በተዘጋ ቀን መተግበሪያ የሚሠሩ መቶ ሰዎች ቢሰበሰቡ አንድ ቍጥር የሚከፍት ሰው አይተኩም። ይህን የሚያውቅ ብዙ ሰው አያስፈልግም፤ በየታላቁ መሥሪያ ቤት ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል። ሁለት ወይም ሦስት ግን ከምንም ይለያል።

የመሥሪያ ቤት አለቆችን የምንለምነው ይህን ነው። ታላቅ መኪና በሚገዛበት ጊዜ የውሉ ቃል ስለ ዋጋውና ስለ ዋስትናው ብቻ እንዳይሆን። የዕቃዎቹ ቍጥር፥ የእያንዳንዱ ፍኖት መነሻና መድረሻ፥ በቋሚው መዝገብ ላይ የተጻፈው ትእዛዝ ሁሉ በወረቀት ተጽፎ፥ ተፈርሞ እንዲሰጥ በውሉ ይግባ። ወረቀቱም በግምጃ ቤት ይቀመጥ፤ ለውጥ በተደረገ ቍጥር ይታረም። የውጭው ባለ እጅ ሲተክል የኛ ሰው ከኋላው ቆሞ የሚያይ ብቻ አይሁን፤ የኛ ሰው በእጁ ይሥራ፥ ባለ እጁ ከኋላው ቆሞ ያርመው። ከዚያም ባለ እጁ ሳይሄድ መኪናው ይጥፋና እንደ ገና ይነሣ። ይህ ሳይደረግ ተፈጸመ ተብሎ የሚፈረም ወረቀት ዋጋ የለውም።

ስለ ቋንቋውም ነገር የሊቃውንቱን እርዳታ እንሻለን። አይ ቢ ኤም ስለ ሊኑክስ ድራይቨሮች ያሳተመው መጽሐፍ ብዙ መቶ ገጽ ነው፤ ማንም ያለ ዋጋ ሊያነበው ይችላል፤ ጽሑፉ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ከእርሱ ውስጥ ስለ ዲስክ፥ ስለ መረብና ስለ ፍኖት የሚናገረው ክፍል ወደ አማርኛ ቢመለስ አንድ መካከለኛ መጽሐፍ ይወጣዋል። ቃሉን የሚፈጥር ማን ነው? ቴክኒኩን የሚያውቁት ወጣቶች ግእዝ አያውቁም፤ ግእዝ የሚያውቁት ደግሞ ቴክኒኩን አያውቁም። ከደብረ ታቦር እስከ ጋይንት ያሉት ጉባኤ ቤቶች ከዩኒቨርሲቲው ሩቅ አይደሉም። ሁለቱ ወገኖች አንድ ክረምት አብረው ቢቀመጡ ሃምሳ ያህል ቃል አበጅተው ለመነሣት የሚከለክላቸው ነገር አይታየንም። ፍኖት ያልነውም ከተሻለ ቃል ጋራ ቢለወጥ ደስ ይለናል።

በነገራችን ላይ የፊደላችንም ጉዳይ ከዚህ ጋራ ይነካካል። የጥንቱ ሜይንፍሬም ጽሑፉን የሚጽፈው 256 ቦታ ብቻ ባለው መዝገብ ነበር፤ ፊደላችን ከነዘሩ ከዚያ ስለሚበልጥ ሊገባበት አይችልም። ዛሬ በመኪናው ላይ የሚያድረው ሊኑክስ ዩኒኮድ በሚባለው ሰፊ መዝገብ ስለሚጽፍ አማርኛው በዲስኩ ላይ ደኅና ሆኖ ይቀመጣል። ነገር ግን 3270 የተባለው የአለቃው መመልከቻ መስኮት አሁንም በጥንቱ መዝገብ ስለሚሠራ በላዩ የአማርኛ ቃል አይታይም። አማርኛ ስም ያለበት መዝገብ የሚይዝ መሥሪያ ቤት መስኮቱን አይቶ ጽሑፉ ጠፋ ብሎ እንዳይደነግጥ ይህን አስቀድሞ ይወቅ።

የጋፋት ኢንስቲትዩት መምህራን ትምህርቱን በዚህ ዓመት ሊጀምሩት ቢወዱ ከመጀመሪያው ቀን የሚያሠሩት ሥራ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ ሄርኩለስ የተተከለበት አንድ ኮምፒዩተር ይስጡት። በእርሱም ላይ 0.0.0120 የሚል ቍጥር ያለው አንድ ዲስክ ያስቀምጡለት። ዲስኩን ይክፈት፥ ያዘጋጅ፥ ስሙን በአማርኛ ይጻፍበት፤ ያደረገውንም ሁሉ በደብተሩ ላይ ያስፍር። ከዚያ መምህሩ መኪናውን ያጥፋበትና እንደ ገና ያስነሣው፤ ዲስኩም ተከፍቶ ስሙ በላዩ ይገኝ እንደ ሆነ ይታይ። ካልተገኘ ደብተሩን ለጓደኛው ይስጥ፥ ጓደኛውም ደብተሩን ብቻ እያነበበ በሩን ይክፈት።